ሻይ ክፍላችን አየር ላይ የዋለ ዕለት

ደባርቅ ውስጥ «ሥራህ ምንድን ነው?» ለሚል ሰው «ኔትወርክ» ብሎ መመለስ ትልቅ ስህተት ነው። እኔ ይህን ስህተት እየደጋገምሁ ስሠራ ዓመታት አለፉ።

ለምን መሰላችሁ? ሰዉ ኔትወርክ ሲባል የሚያውቀው የስልኩን ነው። የአምቢኮ ሰው ለገበያ መጥቶ ሲያገኘኝ፣ «የእኛን አገር ኔትወርክ የምታጠፋት አንተ ነህ ለካ!» ይለኛል። ባለፈው ለቅሶ ቤት ገብቼ ገና ነፍስ ይማር ሳልል አንዲት እናት ስልካቸውን ከመቀነታቸው ፈትተው ሰጡኝ። እያለቀሱ ነው የሰጡኝ። ሁለት መስመር ብቻ ነው የሚያሳየው፣ እስቲ ጨምርልኝ ልጄ አሉኝ። ምን ላድርግ? አጥፍቼ አበራሁት። ሦስት መስመር ሆነ። ለቅሶውን አቋርጠው መረቁኝ።

እኔ ከስልኩ ማማ ጋር ምንም ዝምድና የለኝም። የኔ ሥራ ቤት ውስጥ ነው። ኮምፒውተርን ከኮምፒውተር በገመድ አገናኛለሁ፣ ሲበላሽ እጠግናለሁ። ሰዉ «ኢንጅነር» ይለኛል። አይደለሁም። መጀመሪያ ሰሞን «ኧረ አይደለሁም» እል ነበር። ከዚያ ማስተባበሉ ደከመኝ። ከዚያ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወደድሁት።

ከምሠራባቸው ቦታዎች አንዱ ትንሽ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያ ነው። ስሙን ተዉት። ጣቢያው ምንም አላጠፋም፤ የምነግራችሁ ጥፋት በሙሉ የኔ ነው። ያለው ስቱዲዮ፣ ቢሮ፣ የጋዜጠኞች ክፍልና ሻይ ክፍል ነው። የጠፋ በቅሎ ያፈላልጋል፣ የዕድር ጥሪ ያስተላልፋል፣ ስለ ገብስ ዋግ ያስተምራል፣ በመሀል በመሀል ዘፈን ያሰማል። ደባርቅ በደንብ ይሰማል። ደባት ከዚያም በላይ ይሰማል፤ ይህን በኋላ በገዛ ጆሮዬ አረጋግጫለሁ።

አሁን ትንሽ ታገሡኝ፤ አንድ የሥራ ነገር ላስረዳችሁ። አጭር ነው። ባስረዝመው ደግሞ ለምን እንደማስረዝም ቆይታችሁ ስለምትሰሙ፣ ባላስረዝመው ይሻለኛል።

የጣቢያው ገመዶች ሁሉ ከየክፍሉ ግድግዳ ተነሥተው አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። ሳጥኑን ስዊች እንለዋለን፤ የመብራቱን ማጥፊያ አይደለም። ገመዱ የሚሰካበትን ቀዳዳ ደግሞ ፖርት እንለዋለን። ሁሉም አንድ ሳጥን ውስጥ ስለገባ ሁሉም ከሁሉም ጋር ይገናኝ ማለት አይደለም። የስቱዲዮው ድምፅ ከቢሮው ወረቀት ጋር መደባለቅ የለበትም። እንግዳ መጥቶ ኢንተርኔት ሲጠቀም የጋዜጠኞቹን ፋይል ማየት የለበትም። ስለዚህ በሳጥኑ ውስጥ በዓይን የማይታይ አጥር ታጥራለህ። ይህ ቡድን ስቱዲዮ፣ ያ ቡድን ቢሮ፣ ያኛው እንግዳ። ቪላን ይባላል።

ጥያቄው፣ የትኛው ኮምፒውተር የየትኛው ቡድን አባል እንደሆነ በምን ይታወቃል? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በፖርት ነው። ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ የተሰካ ማንም ይሁን ማን የስቱዲዮ አባል ነው። ቢሮው ግድግዳ ላይ የተሰካ የቢሮ ነው። አለቀ። ሁለተኛው በራሱ በኮምፒውተሩ ነው። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ ቁጥር አለው፤ ያንን ቁጥር ስዊቹ ላይ ትመዘግባለህ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ የትም ይሰካ የት ስዊቹ ያውቀዋል፣ ወደ ቡድኑም ያስገባዋል።

እኔ አንድ ሳምንት ጎንደር ሥልጠና ወስጃለሁ። በፖርት የሚሆነውን ያስተማሩን የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ነው። ከሻይ ዕረፍት በፊት ለሁላችንም ገባን። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ እያንቀላፋ ነበር፤ እሱም ገባው። በቁጥር የሚሆነውን ያስተማሩን ግን የመጨረሻው ቀን ከሰዓት ነው። ከአሥራ አምስት ሰው የገባው ለሦስት ነው፣ እኔን እንደ ግማሽ ከቆጠራችሁ ለሁለት ተኩል። የምስክር ወረቀቴን ይዤ ደባርቅ ስመለስ አረማመዴ ሳይቀር ተቀይሮ ነበር።

ታዲያ ይህን ጣቢያ ስዘረጋ በየትኛው የሠራሁት ይመስላችኋል? እያንቀላፉ በሚገባው? ለምን ተብሎ!

በቁጥር ሠራሁት። የእያንዳንዱን ኮምፒውተር ቁጥር መዘገብሁ። የሰብለን ላፕቶፕም የስቱዲዮ አባል አደረግሁት። ሰብለ የቀትሩ ዝግጅት አቅራቢ ናት፤ ድምጿን የደባት ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ፊቷን ግን የጎረቤቷ ባለሱቅ እንኳ አያውቀውም። በዚህ ላይ አንድ ጥበብ ጨመርሁ። ዋናው የስቱዲዮ ኮምፒውተር ድንገት ቢጠፋ ጣቢያው ዝም እንዳይል፣ ማሠራጫው ራሱ ከስቱዲዮ አባላት መካከል ሌላ ድምፅ ፈልጎ እንዲያወጣ አደረግሁ። ይህን በጨረስሁ ዕለት በራሴ በጣም ተገርሜ ነበር።

ደባርቅን ለማያውቅ አንድ ነገር ልናገር። ብርድ አለ። ዝም ብሎ ብርድ አይደለም፤ ሰኔና ሐምሌ ጉሙ ከተማው ውስጥ ገብቶ እንደ ሰው አስፋልቱ ላይ ይሄዳል። ስቱዲዮው ድምፅ እንዳያስተጋባ በስፖንጅ ተለብጧል፤ ስፖንጁ ድምፁን እንጂ ብርዱን አይመልስም። ሻይ ክፍሉ ግን ቡታጋዝ አለው። ስለዚህ ሰብለ ዜናዋን አንብባ ዘፈኑን ስቱዲዮው ውስጥ ከፍታ ትተወዋለች፤ ላፕቶፗን አቅፋ ወደ ሻይ ክፍሉ ትመጣለች፤ ገመዱን ግድግዳው ላይ ሰክታ እሳቱ አጠገብ የነገውን ትጽፋለች። ይህን ቀድሞ ያላሰብሁት ለምንድን ነው? ምክንያቱም እኔ ስለ ኮምፒውተሮቹ እንጂ ስለ ብርዱ አላሰብሁም።

በዚያ ዕለትም እንዲሁ ሆነ። ሻይ ክፍሉ ውስጥ እኔና ሰብለ ነበርን። መብራቱ ብልጭ ብሎ ሄደና ተመለሰ። ብዙ ጊዜ የሚሆን ነው፤ ቀና ብለን እንኳ አላየንም። ለካ በዚያች ብልጭታ የስቱዲዮው ኮምፒውተር ጠፍቷል። ዘፈኑ ተቋርጧል። ማሠራጫው ባትሪ ስላለው አልጠፋም። እኔ ባስተማርሁት መሠረት ሌላ ድምፅ መፈለግ ጀመረ። ከስቱዲዮ አባላት መካከል በሕይወት ያለ አንድ አገኘ። የሰብለን ላፕቶፕ፤ ጠረጴዛው ላይ፣ ከኔ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ ዜናው ካለቀ ወዲህ ማይኩ እንደተከፈተ።

እኛ ሻይ ክፍሉ ውስጥ ሬዲዮ የለንም። ቀኑን ሙሉ የምትሠራውን ነገር ሻይ ስትጠጣም የምትሰማው ለምንድን ነው?

ሰብለ እንዲሁ ለወሬ ያህል፣ አማትህ እንዴት ናቸው አለችኝ። አማቴ የኔታ ጥበቡ ደባት ነው የሚኖሩት። ቅኔ የተቀኙ፣ ድጓ የዘለቁ ሊቅ ናቸው። ልጃቸውን አስናቀችን ሳገባ አልከለከሉኝም፤ ግን ደግሞ «እንዲያው ገመድ ይስባል አሉ» ብለው ለሰው ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ዓመታት ሙሉ ቤታቸው ስሄድ የሚያናግሩኝ ስለ አየሩ ሁኔታ ብቻ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ነገር ተቀየረ፤ በግ አረዱልኝ።

እኔም ለሰብለ የበጉን ታሪክ ጀመርሁላት። እያጋነንሁ፣ እጄን እያወራጨሁ።

የአማቴ ሚስት፣ እትዬ ዘውዴ፣ ቴሌቪዥኑ አልሠራ ብሏል ብለው አስጠሩኝ አልኋት። ሄድሁ። ቤቱ በጎረቤት ሞልቷል። ከቁምሳጥኑ ኋላ አጎንብሼ ሳይ ሶኬቱ ወጥቷል። ተመልከች እንግዲህ፣ ሶኬቱን ብሰካው በግማሽ ደቂቃ አለቀ። ያ ሁሉ ጎረቤት ቆሞ እያየ፣ የኔታም ቆመው እያዩ፣ «ሶኬቱ ነው» ብዬ ልውጣ? ለዚህ ነው ኢንጅነር የሆንሁት? አንገቴን ነቀነቅሁና «ዲሹ ነው» አልሁ። መሰላል አስመጣሁ። ቆርቆሮው ላይ ወጥቼ ሁለት ሰዓት ወደ ሰማይ አየሁ። ዲሹን ወደ ግራ፣ ዲሹን ወደ ቀኝ። አንዳንዴ ጣቴን ምራቅ እያስነካሁ ነፋሱን እለካለሁ። ከዚያ ወረድሁና በእግሬ ሶኬቱን ገፋ አደረግሁት። ቴሌቪዥኑ በራ። እልል ተባለ። በማግስቱ በግ ታረደ።

ሰብለ ሳቀች። ሰው ሲስቅልኝ ማቆም አልችልም። ቡይት ራስ ያለውን አንድ ሎጅ ዋይፋይ እንዴት አጥፍቼ አብርቼ «ከባድ ችግር ነበር» እንዳልሁ ነገርኋት። ከዚያም የገዛ መሥሪያ ቤታችንን ሥራ አስኪያጅ አነሣሁ። ወይዘሮ ዘይነባ መጀመሪያ ሥራውን ስሠራ መጥተው፣ ይህ አባልነት የምትለው ነገር በምን ይወሰናል ብለው ጠይቀውኝ ነበር። እኔም ረጅም ረጅም ቃል ደርድሬ መለስሁላቸው። «ደንዝዘው ሄዱ!» አልሁ፤ ጠረጴዛውን እየመታሁ። «ሰው ያልገባውን ነገር ካረዘምህለት ያከብርሃል። ሙያው ያ ነው።»

በዚህ ጊዜ በሩ በቀስታ ተንኳኳ። ጋሽ ብርሃኑ ነው፤ የግቢው ዘበኛ። ትንሿን ሬዲዮ ከጆሮው ሥር ይዟል። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ኢንጅነር፣ ላቋርጥህ አልነበረም» አለ። «ደህና ይዘኸዋል። ብቻ ጠረጴዛውን ስትመታው ሬዲዮዬ ይፈነዳብኛል፤ ትንሽ ቀስ በል ልልህ ነው።»

አልገባኝም። ጋሽ ብርሃኑን አየሁት። እና ሬዲዮው ውስጥ አንድ ሰው በኔ ድምፅ «አልገባኝም፣ ምን አልህ ጋሽ ብርሃኑ?» አለ።

ሰብለ ላፕቶፑን እንደ ጋለ ብረት ድስት ከደነችው። ሬዲዮው ጸጥ አለ።

«አለቀ?» አለ ጋሽ ብርሃኑ፤ ቅር ብሎት። «አዲስ ፕሮግራም መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«ከየት ጀምሮ ነው የሰማኸው?» አልሁት።

«ኧረ በጉ ከመታረዱ በፊት ጀምሮ ነው።»

ስልኬ መጥራት ጀመረ። የመጀመሪያው የሎጁ ባለቤት ነው። አላነሣሁም። ሁለተኛው ሚስቴ አስናቀች ናት። እሱንማ እንዴት ላንሣው? ሦስተኛው ወይዘሮ ዘይነባ ናቸው። አነሣሁ። «ቢሮ ጠብቀኝ» አሉና ዘጉት።

ወይዘሮ ዘይነባ ከነጋዴ ቤት ነው የወጡት። ገበያው መሀል የወንድማቸው ጨርቃ ጨርቅ መደብር አለ፤ ቀትር ላይ እዚያ ቁጭ ብለው የጣቢያውን ድምፅ ይቆጣጠራሉ። ስለዚህ እኔን የሰሙኝ ብቻቸውን አይደለም፤ መደብሩ ውስጥ ካለው ገበያተኛ ሁሉ ጋር ነው። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«ያኔ የጠየቅሁህን ጥያቄ ልድገመው» አሉ። «አሁን አታረዝመው። ሻይ ክፍሉ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር እንዴት አየር ላይ ወጣ?»

«የሰብለ ኮምፒውተር የስቱዲዮ አባል ስለሆነ ነው።»

«ስቱዲዮ ውስጥ አልነበረማ።»

«አዎ። ግን አባልነቱን የሰጠሁት ለኮምፒውተሩ ነው። የትም ቢሄድ ስቱዲዮነቱን ይዞ ይሄዳል።»

«እኔ የሚያስፈልገኝ እንደዚያ አይደለም» አሉ። «ሰብለ ትምጣ፣ ትሂድ። ነገ ሌላ ሰው ይቀጠራል፣ ኮምፒውተሩ ይበላሻል፣ ይቀየራል። ክፍሉ ግን የትም አይሄድም። ያ ክፍል ውስጥ የተሰካ አየር ላይ ይውጣ፤ ሌላ ክፍል የተሰካ አይውጣ። ይህን ማድረግ አይቻልም?»

«ይቻላል።»

«ከባድ ነው?»

«ቀላል ነው።»

«ታዲያ ለምን አላደረግኸውም?»

ብዙ መልስ ፈለግሁ። አንድም የሚረዝም አላገኘሁም።

«ቀላል ስለሆነ ነው» አልሁ።

ወይዘሮ ዘይነባ «በል አሁን ሥራው» ብለው ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ «እኔ ግን አልደነዘዝሁም ነበር» አሉ። «የእንግዳ ቀጠሮ ደርሶብኝ ነው የሄድሁት።»

ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨረስሁት። ስቱዲዮው ውስጥ ያሉትን ሁለት ፖርቶች የስቱዲዮ አደረግሁ፤ የቢሮውን የቢሮ፤ የሻይ ክፍሉን የእንግዳ። የስቱዲዮዎቹን ዙሪያቸውን በቀይ ቀለም ቀባሁ። ማንም ያየዋል። ጋሽ ብርሃኑ ገብቶ አይቶ፣ «ቀዩ ላይ የሰካ ይሰማል ማለት ነው» አለ። የሳምንት ሥልጠና የወሰድሁበትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው።

እርግጥ ለጋዜጠኞቹም እንደዚሁ ላደርግ ብዬ ነበር፤ አልሆነም። እነሱ አንዴ ከጠረጴዛቸው፣ አንዴ ከቢሮ፣ አንዴ ከሻይ ክፍሉ ነው የሚሠሩት፤ በተነሡ ቁጥር ፋይላችን ጠፋብን ብለው ይጮሁብኝ ጀመር። የእነሱን በቁጥር ተውሁት። ሰው የሚዞርበት ሥራ ሲሆን ኮምፒውተሩን ታውቀዋለህ፤ ቦታው ራሱ ሥራ ሲሆን ግን ፖርቱ ይበቃል። ይህን ለማወቅ በጠቅላላው ወረዳ ፊት መዋረድ ነበረብኝ።

ቤት ስገባ አስናቀች እራት አቀረበችልኝ። ስንጨርስ፣ «ቅዳሜ ደባት ትሄዳለህ» አለች። «ብቻህን።»

ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ጋቢና ተቀምጬ አንገቴን በጋቢ ጠቅልዬ ዝም አልሁ። ረዳቱ ወዴት ነው ሲለኝ «ደባት» አልሁ። አንዲት ቃል ናት። ከኋላዬ አንድ ሰውዬ፣ «ይህንን ድምፅ አውቀዋለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ደባት እስክንደርስ ሚኒባሱ ሙሉ ሲስቅ ነው የሄደው። ሾፌሩ ስወርድ፣ «ኢንጅነር፣ መሰላል አያስፈልግህም?» አለኝ።

የኔታ ደጅ ላይ ቁጭ ብለው ዳዊት ይደግሙ ነበር። ከእግራቸው ሥር ወድቄ ይቅርታ ልጠይቅ ሳጎነብስ በክንዴ ያዙኝ። ወደ ቤት አላስገቡኝም። ከጓሮ፣ ከድርቆሹ ክምር ኋላ ወሰዱኝ። ግራ ቀኝ አዩ።

«ሶኬቱ ወጥቶ ነበር ብለህ ለአገሩ ሁሉ ተናገርህ» አሉ በሹክሹክታ።

«ይቅር ይበሉኝ የኔታ። አታለልኋችሁ።»

«እሱን ተወው። ማን እንዳወጣው አልተናገርህም።»

«እኔ ምን አውቄ?»

«አታውቅም?» አሉ። ፊታቸው ጠወለገ። «በእውነት አታውቅም?»

«አላውቅም።»

የኔታ ድርቆሹን ተደግፈው ቆሙ። «እኔ ነኝ ያወጣሁት» አሉ። «ማታ ማታ አንድ የሚያስለቅስ ድራማ አለ። እሷም ጎረቤቶቿም ተሰብስበው ያለቅሳሉ። በገዛ ቤቴ ጸሎቴን የማደርስበት ጥግ አጣሁ። አንድ ቀን ማንም ሳያየኝ ነቀልሁት። ተበላሽቷል ብለው ይተዉታል ብዬ ነበር። እሷ ግን አንተን አስጠራች።»

«እርስዎ?» አልሁ።

«ከቁምሳጥኑ ኋላ አጎንብሰህ ሶኬቱን ስታየው አየሁህ። አለቀልኝ፣ ተዋረድሁ አልሁ። አንተ ግን ቀና ብለህ ‹ዲሹ ነው› አልህ። ገመናዬን ልትሸፍን ሁለት ሰዓት ሙሉ በዚያ ብርድ ቆርቆሮ ላይ ቆምህልኝ ብዬ አምኜ ነበር። ይህ ልጅ የሰው ክብር ያውቃል፣ ልጄን የሰጠሁት ለሰው ነው አልሁ። በጉን ያረድሁት ለዲሹ መሰለህ?»

ሬዲዮ ላይ ከተዋረድሁት ውርደት ይህኛው በለጠብኝ። ያኛው ሲሆን ሰው ሁሉ ስቆብኛል። እዚህ የሚስቅ አልነበረም። አንድ ትልቅ ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ በማይገባኝ አክብሮት ሲያከብሩኝ ኖረዋል፤ እኔ ደግሞ ያንን ክብር ሻይ ላይ ለሳቅ አወጣሁት።

«አሁን ደግሞ» አሉ የኔታ፣ «ዘውዴ ከሬዲዮው ሶኬቱ ተነቅሎ እንደነበር ሰምታለች። ማን እንደነቀለው ሦስት ቀን ሙሉ እየመረመረች ነው። ዛሬ ጠዋት ዓይኗ እኔ ላይ ቆሟል።»

ወደ ቤት ገባን። እትዬ ዘውዴ እንደ ዳኛ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። ሰላምታውን በግማሽ ጆሮ ተቀበሉኝ።

«አንተ ሊቅ» አሉኝ። «ያ ሶኬት ለብቻው አልወጣም። ማን ነው የነቀለው?»

የኔታ የዳዊታቸውን ማኅደር ክር በጣታቸው ያፍተለትላሉ። ቀና ብለው አላዩኝም።

«እኔ ነኝ እትዬ» አልሁ። «ከዚያ በፊት ለበዓል ስንመጣ ስልኬን ልሰካ ብዬ ነቀልሁት፤ ሳልመልሰው ረሳሁት። በኋላ ስታስጠሩኝ የራሴ ጥፋት መሆኑን አይቼ አፈርሁ። ቆርቆሮው ላይ የወጣሁት ለዚያ ነው።»

እትዬ ዘውዴ ስድብ ጀመሩ። ከገመድ ሳቢነቴ ተነሥተው ወደ አረማመዴ መጡ፣ ከዚያ ልጃቸውን አንሥተው አዘኑላት፣ ከዚያ ያን ሰሞን ያመለጣቸውን ድራማ ታሪክ እያስታወሱ ተቆጩ። ሁሉንም ተቀበልሁ። የታረደ በግ አልነበረም። ሽሮ ቀረበ፤ ያውም ቀዝቀዝ ያለ። የኔታ ግን ጠቅልለው አጎረሱኝ። በጋብቻ ዘመኔ ሁሉ ከእጃቸው ስጎርስ የመጀመሪያዬ ነው። ስወጣ በትራቸውን ይዘው እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ፤ ስለ አየሩ ሁኔታ አላነሡም።

አሁን ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔም የታረምሁ ሰው ሆኜ እቀር ነበር። ግን ወይዘሮ ዘይነባ በሳምንቱ አስጠሩኝ። ስልክ በስልክ ሆኗል አሉ። ያ የሻይ ክፍል ፕሮግራም መቼ ነው የሚደገመው እያለ የሚጠይቀው ሰው የጠፋ በቅሎ ከሚያስነግረው በልጧል። ስለዚህ ስቱዲዮ ገብቼ እንደዚያን ቀን ዓይነት ወሬ እንዳወራ አዘዙኝ። ገባሁ። ቀዩ ፖርት ላይ ተሰካን። ሰብለ «በሉ ኢንጅነር ያጫውቱን» አለች። አፌ ተያያዘ። ስለ ኬብል ዓይነቶች ሩብ ሰዓት አወራሁ። ስወጣ ጋሽ ብርሃኑ ሬዲዮውን ግቢው ውስጥ ለሚግጡት ፍየሎች እንደተወላቸው ነገረኝ።

ወይዘሮ ዘይነባ ግን ተስፋ የሚቆርጡ ሰው አይደሉም። ጥፋቱ የክፍሉ ነው አሉ። ሰው ስቱዲዮ ውስጥ ይደርቃል፣ ሻይ ላይ ይፈታል። እንግዲህ የሻይ ክፍሉን ፖርት ስቱዲዮ አድርገው። በፖርት መሆኑ ጥቅሙ ይኸው አይደል? አንድ መስመር ቀየርሁ። ማይክ ተቀመጠ። ፖርቱን ቀይ ቀባሁት። ሠራተኛው ሁሉ ስኒውን ይዞ ቡታጋዙ ዙሪያ ተቀመጠ። ቀዩን አየ። እርስ በርሱ ተያየ። ስኳር አቀብለኝ እንኳ የሚል ጠፋ።

አሁን ሻይ የምንጠጣው ጄነሬተሩ ቤት ነው። ይበርዳል፣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፣ መቀመጫ የለውም። ግን ግድግዳው ላይ አንድም ፖርት የለም፤ ሥራ አስኪያጇም ስኒያቸውን ይዘው እዚያው ነው የሚመጡት።